ለሥራ ጉዞ ከማያውቁት ድርጅት መኪና እንዴት ይከራያሉ

መሥሪያ ቤትዎ የለመደው አከራይ መኪና ጨርሷል፣ ወይም በሚሄዱበት ከተማ ቅርንጫፍ የለውም። ሲፈልጉ ስሙን ሰምተውት የማያውቁት ድርጅት በግማሽ ዋጋ ብቅ ይላል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ መሸሽ አያስፈልግም። ማወቅ ያለብዎት መኪናው ላይ ጭረት ቢገኝ ስንት እንደሚያስከፍልዎትና ጭረቱ የእርስዎ አለመሆኑን በምን እንደሚያሳዩ ነው። የቀን ኪራዩን ከዚያ በኋላ ይዩት።

ከማስያዝዎ በፊት

መጀመሪያ ፋይናንስ ክፍሉን ሦስት ነገር ይጠይቁ። የመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ውል ካልተገባበት አከራይ የተወሰደ መኪናን ይሸፍናል? ደረሰኙ በማን ስምና በየትኛው የግብር ከፋይ ቁጥር ይቆረጥ? የመሥሪያ ቤቱ ክሬዲት ካርድ የኪራይ መኪና ሽፋን ካለው ቅድመ ሁኔታው ምንድን ነው? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አብዛኞቹ የካርድ ሽፋኖች የሚሠሩት ሙሉ ኪራዩ በዚያው ካርድ ሲከፈል ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የአከራዩን የጉዳት ሽፋን ከተቀበሉ ይቀራሉ። ሁለቱንም ይዤ እጠበቃለሁ ያለ ሰው አንዱን በገዛ ፊርማው ያጣል።

የደንበኞችን አስተያየት ሲያነቡ የኩባንያውን አማካይ ኮከብ ይተዉትና መኪናውን የሚረከቡበትን ቅርንጫፍ ይፈልጉ። በአንድ ስም የሚሠሩ ቅርንጫፎች የተለያዩ ባለቤቶች ሊኖሯቸው ስለሚችል የአንዱ ጨዋነት ለሌላው ዋስትና አይሆንም። «ሰልፉ ረጅም ነበር» የሚል ቅሬታ ይለፉት። «ከመለስኩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከካርዴ ተቆረጠ» የሚል ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ግን ሌላ ድርጅት ይፈልጉ።

ከዚያ የኪራይ ውሉን ይክፈቱ፤ ትልቁን የዋጋ ሰሌዳ ሳይሆን በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን። በቅድሚያ «የራስ ድርሻ» የሚባለውን ቁጥር ይፈልጉ፤ መኪናው ቢጎዳ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከእርስዎ ኪስ የሚወጣው የመጨረሻ ጣሪያ ነው። በማንኛውም ገንዘብ ያስሉት፦ አንዱ ድርጅት በቀን 30 አስከፍሎ የራስ ድርሻውን 2,000 ያደርጋል፣ ሌላው በቀን 45 አስከፍሎ 300 ያደርጋል። ለሦስት ቀን ልዩነቱ 45 ብቻ ነው፤ አንድ በር ግንብ ቢነካ ግን እስከ 1,700 የሚደርስ ልዩነት ይመጣል። ርካሹ የቱ እንደሆነ ያኔ ይታያል።

«ሙሉ ኢንሹራንስ» የሚለውን ቃል ብቻውን አይመኑት። ሙሉ በተባለውም ውስጥ ጎማ፣ ቸርኬ፣ መስታወት፣ ጣሪያ፣ የመኪናው ሆድ፣ የጠፋ ቁልፍና የተሳሳተ ነዳጅ ብዙ ጊዜ ከሽፋን ውጭ ናቸው። መኪናው ጋራዥ ለሚቆምባቸው ቀናትም ኪራይ የሚጠይቁ አሉ። ስሙ ውል ላይ ያልሰፈረ ባልደረባዎ አንድ ኪሎ ሜትር ቢነዳ ደግሞ ሽፋኑ ጨርሶ ሊፈርስ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለታችሁም የምትነዱ ከሆነ የተጨማሪ አሽከርካሪውን ክፍያ ይክፈሉ።

የራስ ድርሻን የሚመልስ ለብቻው የሚሸጥ ኢንሹራንስም አለ። ከአከራዩ መስኮት ከሚገዛው በአብዛኛው ይረክሳል፣ ብዙ ጊዜም ጎማና መስታወትን ይጨምራል። ጉድለቱ መጀመሪያ እርስዎ ከፍለው ኋላ ማስመለስዎ ነው፤ ለዚህም ውሉ፣ የጉዳት ሪፖርቱ፣ የጥገናው ሒሳብና የካርድ መግለጫው ያስፈልጋሉ። ወረቀት የመያዝ ልማድ ለሌለው ሰው አይመከርም።

ሌሎቹ በአጭሩ፦ ነዳጅ «ሞልተው ተረከቡ፣ ሞልተው መልሱ» የሚል ውል ይምረጡ፤ የታንኩን ነዳጅ አስቀድመው የሚሸጡልዎት ከሆነ የተረፈው ነዳጅ ገንዘብ በአብዛኛው አይመለስም። የኪሎ ሜትር ገደብ ካለ የጉዞዎን ርቀት ደርሶ መልስ ይደምሩ። ድንበር የሚሻገሩ ከሆነ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ። የኪራይ ቀን በአብዛኛው የሚቆጠረው በ24 ሰዓት ነው፤ ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የወሰዱትን መኪና ረቡዕ 5 ሰዓት ተኩል ቢመልሱ ሦስተኛ ቀን ሊታሰብብዎት ይችላል።

የማርሽ ነገርም አለ። ብዙ አከራዮች የመኪናውን ዓይነት በአራት የላቲን ፊደላት ያመለክታሉ፤ ሦስተኛው ፊደል «ኤም» ከሆነ ማርሹ በእጅ ነው፣ «ኤ» ከሆነ አውቶማቲክ። ፎቶውን አይተው ያስያዙትን ሞዴል አይጠብቁ፤ የተያዘልዎት የመኪናው ዓይነት እንጂ ሞዴሉ አይደለም።

ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ በረራ

ያስያዙትን መኪና መረከቢያው መስኮት ጋ ከሚያስከለክሉ ነገሮች ዋናው ካርድ ነው። ለመያዣ የሚፈለገው በአብዛኛው በዋናው አሽከርካሪ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ብቻ የተጻፈበት ካርድ፣ የባልደረባ ካርድ ወይም ዴቢት ካርድ ኪራዩን ለመክፈል ሠርቶ ለመያዣ እምቢ ሊባል ይችላል። የሚስጥር ቁጥሩንም ያስታውሱ።

መያዣው ከካርዱ አይወሰድም፣ ይታገዳል እንጂ፤ ሆኖም የካርዱን ጣሪያ ይበላል። ጣሪያው 3,000 ሆኖ አከራዩ 2,000 ቢያግድ ለሆቴሉና ለሌላው ሁሉ የቀረዎት 1,000 ነው። ሆቴሉም የራሱን ያግዳል። እገዳው መኪናው ከተመለሰ በኋላ ለመነሳት ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በተከታታይ ለሚጓዝ ሰው ሁለት ካርድ መያዝ ይበጃል።

መንጃ ፈቃድዎ በሚሄዱበት አገር ፊደል ካልተጻፈ ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ያውጡ። እ.ኤ.አ. በ1949 የጄኔቫ ስምምነት የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የቪየና ስምምነት የሚሰጠው እስከ ሦስት ዓመት። አገሩ የትኛውን እንደሚቀበል ከመነሳትዎ በፊት ያረጋግጡ፣ ዋናውንም አብረው ይያዙ፤ ዓለም አቀፉ ብቻውን አይሠራም።

ሲያስይዙ የበረራ ቁጥርዎን ይሙሉ። በረራው ቢዘገይ ቅርንጫፉ «አልመጣም» ብሎ መኪናውን ለሌላ እንዳይሰጥ የሚረዳዎት እሱ ነው። ቢሮው ከአየር ማረፊያው ውጭ ከሆነ ለማመላለሻው ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ።

መረከቢያው መስኮት ላይ

የደከመ ተጓዥ እዚህ ነው የሚሸነፈው። ሠራተኛው ተጨማሪ ኢንሹራንስ፣ ትልቅ መኪና፣ የመንገድ ላይ እርዳታ ይደረድራል። ያስያዙት የሚበቃዎት ከሆነ «ያስያዝኩት ይበቃኛል» ብለው ዝም ይበሉ፤ ምክንያት ማስረዳት ክርክር ይከፍታል። በታብሌት ላይ ፈርሙ ከተባሉ ከላይ እስከ ታች አንሸራተው ድምሩን ይዩ፣ ያልጠየቁት ነገር ምልክት ተደርጎበት እንደሆነም ይመልከቱ። ካርድ ማሽኑ «በየትኛው ገንዘብ?» ብሎ ሲጠይቅ የአገሩን ገንዘብ ይምረጡ፤ በራስዎ ገንዘብ ከመረጡ ምንዛሪው ብዙ ጊዜ ይከብዳል። የመሥሪያ ቤቱ ስምና የግብር ቁጥር ደረሰኝ ላይ እንዲገባም አሁኑኑ ይናገሩ፤ ከታተመ በኋላ ማስለወጥ አታካች ነው።

ቁልፉን ከተቀበሉ በኋላ፣ ሻንጣ ሳይጭኑ

ለዚህ 10 ደቂቃ ይስጡ። በማያውቁት ድርጅት ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ኢንሹራንስ የለም።

ስልክዎን ቪዲዮ ላይ አድርገው ከሰሌዳው ይጀምሩ፤ ኪሎ ሜትሩንና የነዳጁን መጠን ያሳዩ፤ ከዚያ ከሾፌሩ በኩል ካለው የፊት ጥግ ተነስተው በአንድ አቅጣጫ ሳያቋርጡ መኪናውን ይዙሩ። ሁለት እርምጃ ርቀው ጎኑን በሙሉ ያንሱ፤ ጭረት ሲያገኙ አንድ ስንዝር ያህል ተጠግተው ጣትዎን ለመጠን አስቀምጠው ፎቶ ያንሱት። ቅርቡ ፎቶ ብቻውን አይረባም፤ የየትኛው መኪና በር እንደሆነ አይናገርምና ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ስርጉድ ፊት ለፊት ሲያዩት ይደበቃል። የስልኩን መብራት አብርተው ከቆርቆሮው ጋር አጋድመው ቢይዙት የብርሃኑ መስመር ስርጉዱ ላይ ሲደርስ ይጣመማል። መኪናው ታጥቦ ውሃው ካልደረቀ ወይም ዝናብ ላይ ከቆመ ጭረት አይታይም፤ ውሃው ሸፍኖ ያለሰልሰዋል። ጥላ ሥር ይወሰድልኝ ወይም ይወልወልልኝ ይበሉ። የምድር ውስጥ ማቆሚያም እንዲሁ ነው፤ ብርሃን ወዳለበት ሳያወጡ አይፈርሙ።

ሰው የማያይባቸው፣ አከራይ ግን ሲመለስ የሚያያቸው ቦታዎች አሉ። ተንበርክከው የፊት ፓራውልቱን የታች ከንፈር ይዩ፤ የማቆሚያ ድንጋይ የሚፍቀው እሱን ነው። አራቱንም ቸርኬ ለየብቻ ያንሱ፣ በተለይ በእግረኛ መንገድ በኩል ያሉትን። የፊት መስታወቱን በጥፍርዎ ይዳብሱት፤ የምስር ፍሬ የምታክል ስንጥቅ በዓይን ታልፋለች፣ በጥፍር ግን ትያዛለች። የስፖኪዮዎቹን ጀርባ፣ የበሮቹን ጠርዝ፣ ጣሪያውን፣ ወንበር ላይ የሲጋራ ቃጠሎ እንዳለም ይዩ። ስልኩን ከሥር አስገብተው የመኪናውን ሆድ አንድ ሁለት ፎቶ ያንሱ።

ያገኙትን ሁሉ በርክክብ ወረቀቱ ላይ ያስጽፉ፣ ሠራተኛው ይፈርምበት። «ይቺማ አትቆጠርም» ቢልዎት ልክ ሊሆን ይችላል፤ ከተወሰነ ርዝመት በታች ያለ ጭረት የማያስከፍሉ አሉ። ግን እሱ ያለው እርስዎ በሚመልሱበት ቀን ላይኖር ስለሚችል ቢሆንም ያስጽፉት። ቁልፉ ሣጥን ውስጥ ተትቶልዎት ሠራተኛ ከሌለ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ፎቶዎቹን ወደ ድርጅቱ ኢሜይል ይላኩ፤ የኢሜይሉ ሰዓት ስልክ ላይ ከቀረ ፋይል ይልቅ ይታመናል።

ከዚያ ስኮርት ጎማ ወይም የጎማ መጠገኛ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና የአደጋ ምልክት መኖራቸውን ይዩ። የጎማው ብሎን መቆለፊያ ካለው ልዩ መፍቻው ከሌለ ስኮርቱ ቢኖርም ጥቅም የለውም። በብዙ አገሮች የጎማ ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ሞተር ሲነሳ የማይጠፋ ማስጠንቀቂያ መብራት ካለ መኪናውን ያስቀይሩ። የኋላ ማርሽ እንዴት እንደሚገባ እዚያው ይሞክሩ፤ አንዳንዱ ማርሽ ላይ ቀለበት ወደ ላይ መሳብ፣ አንዳንዱ ላይ ወደ ታች መጫን ይጠይቃል።

እየነዱ

ቤንዚን ይሁን ናፍጣ የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ የተጻፈውን ይመኑ። ተሳስተው ከቀዱ ሞተሩን አያስነሱ፤ ታንኩን ማስመጠጥ ሞተር ከማስጠገን እጅግ ይቀላል። ክዳኑ በየት በኩል እንደሆነ ዳሽቦርዱ ላይ ከነዳጅ ምልክቱ ጎን ያለችው ቀስት ብዙ ጊዜ ትጠቁማለች። ግጭት ከደረሰ ለፖሊስ ሪፖርት ያስመዝግቡ፣ መኪናውን ከማስጎተትዎ በፊትም ለአከራዩ ይደውሉ። ስልክዎን ከመኪናው ጋር ሲያገናኙ የስም ዝርዝርዎን እንዲቀዳ አይፍቀዱ፤ የደንበኞችዎ ቁጥር እዚያ ይቀራል።

ሲመልሱ

ነዳጅ ከመመለሻው ቅርብ ካለ ማደያ ሞልተው ደረሰኙን ይያዙ። ሲረከቡ ያነሱትን ቪዲዮ አሁንም ይድገሙት፣ መጨረሻው ላይ የቆመበት ቦታ ይታይ። ሠራተኛ አይቶ «ጉዳት የለም» ብሎ እስኪፈርም ይጠብቁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ቁልፍ ሣጥን ውስጥ ጥሎ መሄድ ይመቻል፤ ነገር ግን በብዙ ውሎች መኪናው እስኪታይ ድረስ ኃላፊው እርስዎ ነዎት፤ ሌሊት ሌላ ሰው ቢገጨውም። በረራዎ ማለዳ ከሆነ ማታውኑ ቢሮው ሳይዘጋ መልሰው ወደ አየር ማረፊያ በታክሲ መሄድ ይሻላል። ከመውረድዎ በፊት የስልክዎን ስም ከመኪናው ሜኑ ያጥፉ።

ፎቶዎቹን ቢያንስ ስድስት ወር ያቆዩ። የትራፊክ ቅጣት ከነአስተዳደር ክፍያው ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ለጉዳት ተብሎ ከካርድዎ ከተቆረጠ ቀን ያለበት ፎቶ፣ የጥገና ግምትና የተፈራረሙበትን ወረቀት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የእርስዎንም ፎቶ አያይዘው ይላኩ። በሳምንት ሁለት ሳምንት መልስ ካጡ ካርዱን ላወጣው ባንክ የክፍያ ተቃውሞ ያስገቡ፤ ተቃውሞ የሚቀርብበት ጊዜ ገደብ አለውና የአከራዩን ተስፋ እየጠበቁ አያሳልፉት።