ደሴ ላይ ኢታኖል 78 ዲግሪን አይጠብቅም

ደሴ ሆናችሁ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የምትማሩ፣ ለዲስቲሌሽን (ፈሳሽን አፍልቶ እንፋሎቱን መልሶ በማቀዝቀዝ መለየት) ላብ ከመግባታችሁ በፊት ይቺን ያዙልኝ። መጽሐፉ ላይ ያለው የመፍያ ነጥብ የተቀመጠው በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ነው። ደሴ ደግሞ ወደ 2500 ሜትር ከፍ ብላ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ፈሳሹ ቀደም ብሎ ይፈላል። ንጹሕ ኢታኖል መጽሐፉ ላይ 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እዚህ 71 ገደማ ላይ ይመጣል። ውሃም 100 ሳይደርስ 92 አካባቢ ይፈላል። ኮምቦልቻ ወረድ ስለምትል ልዩነቱ እዚያ ያንሳል።

ስለዚህ 71 ስታዩ ደንግጣችሁ ማሞቂያውን አትጨምሩ። ሪፖርቱ ላይም 78 ብላችሁ አትገልብጡ (በጣም የተለመደ ነገር ነው፣ አስተማሪውም ያውቀዋል)። ያነበባችሁትን ጻፉና ከጎኑ የአየር ግፊቱን አስቀምጡ።

ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ግን ቴርሞሜትሩን እዩት። የጫፉ እብጠት እንፋሎቱ ወደ ማቀዝቀዣው ከሚታጠፍበት ቀዳዳ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ እንፋሎቱ በደንብ ሳይነካው ያልፋል፣ ንባቡም ከእውነተኛው በታች ይሆናል። ያኔ የደሴን ከፍታ ማማት አያዋጣም።

የመቅለጫ ነጥብ ላይ ደግሞ ይሄ ሰበብ ጭራሽ አይሠራም። ቤንዞይክ አሲድ ደሴም ሆነ ባሕር ዳር ያለችው አሰብ ያው 122 ነው። 115 ላይ ከቀለጠባችሁ ወይ በደንብ አልደረቀም፣ ወይ አልጠራም።