ዲስክሪሚናንቱ ዜሮ አልሆን ሲል፦ የተደጋጋሚ ሥር ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቀመሩን ታውቁታላችሁ። እኩልታው ሀቀ² + ለቀ + ሐ = 0 ነው፤ ለ² − 4ሀሐ (ዲስክሪሚናንቱ) ዜሮ ሲሆን ሁለቱ ሥሮች (እኩልታውን የሚያሟሉት የቀ ዋጋዎች) ይገጥማሉ፣ ሥሩም −ለ/(2ሀ) ነው። ዜሮ ግን ቅንጣት ስህተት አይችልም። ዲስክሪሚናንቱ 49 መሆን ሲገባው 49.01 ቢወጣ መልሱ በጥቂቱ ይዛባል እንጂ ዓይነቱ አይለወጥም። ዜሮ የሚገባው ከፍ ካለ አንዱ ሥር ሁለት ይሆናል፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ከታች ያለው ሥሮቹ እኩል መሆናቸው ለታወቀበት ወይም እኩል ለመሰሉበት ጥያቄ ነው።

ምልክቱ፦ «መፍትሄ የለውም» የሚል መልስ

በየፈተናው ወረቀት የሚታየው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቅንፍ መተው ነው። 4ቀ² − 12ቀ + 9 = 0ን ውሰዱ። ለ = −12 ነው። ካልኩሌተር ላይ −12² ተብሎ ሲገባ ማሽኑ መጀመሪያ 12ን በራሱ ያባዛል፣ ነጌቲቩን በኋላ ይጨምርበታል፤ −144 ይሰጣል። ከዚያ 4 × 4 × 9 = 144 ሲቀነስ −288። ማሽኑ አልተሳሳተም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። የወጣው ቁጥር ልክ −2ለ² ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ (−12)² ብላችሁ ድገሙት፤ 144 − 144 = 0።

ያው የቅንፍ ስንፍና ሥሩን ሲያሰሉም ይመለሳል። 12 ÷ 2 × 4 ብሎ የሚጽፍ 24 ያገኛል፤ ትክክለኛው 12 ÷ (2 × 4) = 1.5 ነው። ሁለት ቁልፍ ለመቆጠብ ሲባል ሙሉ ነጥብ ይጣላል!

ከሁሉ የከፋው ግን ነጌቲቩን ጨርሶ ረስቶ ለ = 12 ማለት ነው። ዲስክሪሚናንቱ ያኔም ዜሮ ይወጣል፣ ሁሉም ያማረ ይመስላል፣ ሥሩ ግን −1.5 ይሆናል። በእኩልታው ብትተኩት 9 + 18 + 9 = 36፤ ዜሮ አይደለም። ለ² ምልክትን ስለሚደብቅ የዲስክሪሚናንቱ ዜሮ መሆን ለሥሩ ምልክት ዋስትና አይሰጥም። ሳትተኩ ወረቀት አታስረክቡ። ወይም (2ቀ − 3)²ን ዘርዝሩና መጀመሪያ ወደ ተሰጠው እኩልታ መመለሱን እዩ።

ምልክቱ፦ መልሱ ውስጥ √2 ብቅ ማለቱ

ጥያቄው 4ቀ² = 12ቀ − 9 ተብሎ ቀርቦ ሀ = 4፣ ለ = 12፣ ሐ = −9 ተብሎ ተነቧል። 144 + 144 = 288፣ √288 = 12√2። ዲስክሪሚናንቱ ልክ 2ለ² ሲሆን የሐ ምልክት ተሳስቷል ማለት ነው። ሁሉንም ወደ ግራ አምጡ፣ ከዚያ ብቻ ሀ፣ ለ፣ ሐን ለዩ።

ምልክቱ፦ በጣም የተቀራረቡ ሁለት ሥሮች

ክፍልፋይን ወደ ዴሲማል መቁረጥ ያመጣው ነው። ቀ² − (2/3)ቀ + 1/9 = 0 ላይ 0.67 እና 0.11 ካስገባችሁ 0.4489 − 0.44 = 0.0089 ይወጣል፤ ሥሮቹም 0.38 እና 0.29 ይሆናሉ። ዴሲማል ቁጥር መጨመር አያድንም። እኩልታውን በ9 አባዙት፤ 9ቀ² − 6ቀ + 1 = 0፣ 36 − 36 = 0፣ ቀ = 1/3። ፕሮግራም ስትጽፉም ቀ² − 0.2ቀ + 0.01 = 0 ላይ ኮምፒውተሩ ዜሮ ላይሰጣችሁ ይችላል፤ በ100 አባዝታችሁ በሙሉ ቁጥር ሥሩ።

ምልክቱ፦ «ሙሉ ስኩዌር ነው» ተብሎ የተጻፈው ሲዘረዘር አይገጥምም

4ቀ² − 20ቀ + 9 (2ቀ − 3)² ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ዳርና ዳር ያሉት ስኩዌር ናቸው፣ መካከለኛው ግን −12ቀ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ሥሮቹ እኩል አይደሉም፤ 4.5 እና 0.5 ናቸው።

ምልክቱ፦ የማይታወቀውን ኮፊሸንት (ቀን የሚያባዛውን ቁጥር) ፈልጉ ሲባል መልሱ መጉደሉ ወይም መብዛቱ

ቀ² + መቀ + 9 = 0 እኩል ሥሮች እንዲኖሩት መ² = 36፤ መልሱ 6 ብቻ ሳይሆን −6ም ነው። መቀ² − 2መቀ + 6 = 0 ላይ ደግሞ 4መ² − 24መ = 0 ሲሆን 0 እና 6 ይወጣሉ። 0ን ጣሉት፤ መ = 0 ሲገባ 6 = 0 ይቀራል፣ እኩልታው ራሱ ይጠፋል። ማስጠንቀቂያ፦ እኩልታውን ገና ከመጀመሪያው በመ አካፍሎ 0ን ማምለጥ አቋራጭ አይደለም። ዜሮ ሊሆን በሚችል ነገር አይካፈልም፤ መ ≠ 0 ብላችሁ መጀመሪያ ጻፉ።

የሥሮች ድምር ሲጠየቅ ተደጋጋሚውን ሥር ሁለቴ ቁጠሩ፤ ቀ² − 6ቀ + 9 = 0 ላይ ድምሩ 3 + 3 = 6፣ ብዜቱ 9 ነው።