መልሱ 0.3085 እየሆነ የሚያስቸግራችሁ ለምንድን ነው? የፕሮባቢሊቲና የናሙና ስሕተቶች፣ ከምልክት እስከ መፍትሔ

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ ሳስጠናና ወረቀታቸውን ሳርም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አዲስ ስሕተት ይዞ የሚመጣ ተማሪ እምብዛም አይገጥመኝም። ከዚህ በታች የምጽፈው ደጋግሜ ያየሁትንና ደጋግሜ ያቃናሁትን ነው። ፕሮባቢሊቲ ከ0 እንደማያንስና ከ1 እንደማይበልጥ፣ የሁሉም ውጤቶች ድምር 1 እንደሚሆን ታውቃላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ።

ምልክት፦ ከሠንጠረዥ ያነበባችሁት ቁጥር ከጓደኛችሁ መልስ ልክ በ0.5 ይለያል

ምክንያቱ ሠንጠረዡ ነው። የኖርማል ሥርጭት (የደወል ቅርጽ ያለው ኩርባ) ሠንጠረዥ በሁለት ዓይነት ይታተማል። ዜድ ማለት አንድ ቁጥር ከአማካዩ ስንት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የተለመደ መዋዠቅ) እንደሚርቅ ነው። አንደኛው ከግራ ጫፍ ጀምሮ እስከ ዜድ ከኩርባው ሥር ያለውን ስፋት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከመሃል፣ ማለትም ከ0 ጀምሮ እስከ ዜድ ያለውን ብቻ። ዜድ 1 ሲሆን የመጀመሪያው 0.8413፣ ሁለተኛው 0.3413 ይላል።

መፍትሔው አምስት ሰከንድ አይፈጅም፤ የ0.00ን ረድፍ ተመልከቱ። 0.5000 ካለ ከግራ የሚቆጥር ነው፤ 0.0000 ካለ ከመሃል የሚቆጥር ነው። ይህን ሳታዩ ሌላ ቁጥር አታንብቡ።

እዚህ ላይ የምቆጣው በተማሪው አይደለም። ፎቶ ኮፒ ከፎቶ ኮፒ እየተገለበጠ የሚሸጠው የማስተማሪያ ወረቀት ነው የሚያናድደኝ። ሠንጠረዡ ከየት እንደሚቆጥር የሚያሳየው ሥዕል ከገጹ ራስጌ ላይ ተቆርጦ ይቀራል፤ ቀለሙ ደብዝዞ 3 ቁጥር 8 ይመስላል። 0.3413 እና 0.8413 የሚለያዩት ደግሞ በዚያችው በአንዷ አኃዝ ነው። ንጹሕ ሠንጠረዥ ፈልጋችሁ የራሳችሁን ቅጂ ያዙ።

ምልክት፦ “ምርመራው 90 በመቶ ትክክል ስለሆነ በሽታው የመኖሩ ዕድል 90 በመቶ ነው” ብላችሁ ጽፋችኋል

ምክንያቱ ሁኔታውን ገልብጣችሁ ማንበባችሁ ነው። የታመመ ሰው በምርመራ የመገኘት ዕድልና በምርመራ የተገኘ ሰው የመታመም ዕድል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀመሩ ከጠፋባችሁ ሰው ቁጠሩ። ከ10,000 ሰዎች 100ው ታመዋል እንበል፤ ምርመራው 90ውን ያገኛል። ጤነኞቹ 9,900 ናቸው፤ ምርመራው ከእነርሱ 9 በመቶውን በስሕተት “ታማሚ” ካለ 891 ሰዎች ይሆናሉ። ስለዚህ ታማሚ ከተባሉት 981 ሰዎች በእውነት የታመሙት 90 ብቻ ናቸው፤ ይህም 9 በመቶ ገደማ ነው።

ይህን ስሕተት የወረቀት ጨዋታ አድርጋችሁ አትዩት። እንግሊዛዊቷ ሳሊ ክላርክ ሁለት ሕፃናት ልጆቿን ገድላለች ተብላ በ1999 ሲፈረድባት፣ ለፍርድ ቤቱ የቀረበው ቁጥር ከ73 ሚሊዮን አንድ የሚል ነበር። ቁጥሩ የተገኘው አንድ ሕፃን ሳይገደል በድንገት የመሞቱን ዕድል፣ ከ8,543 አንድ የሚለውን፣ በራሱ በማባዛት ነው። ማባዛት የሚፈቀደው ግን ሁለቱ ክስተቶች አንዱ በሌላው ላይ ምንም ተጽዕኖ ከሌለው ነው፤ በአንድ ቤት፣ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች ላይ ይህን ማን አረጋገጠ? በዚያ ላይ ቁጥሩ እናቲቱ ንጹሕ የመሆኗ ዕድል ተደርጎ ተወሰደ፤ ይህ ደግሞ ከላይ ያልኩት መገልበጥ ነው። የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2001 ስሕተቱን በይፋ ተቃወመ። ሴትየዋ የተፈታችው በ2003 ነው። ሁለት ዕድሎችን ከማባዛታችሁ በፊት “አንዱ መከሰቱ የሌላውን ዕድል ይለውጣል?” ብላችሁ ጠይቁ።

ምልክት፦ ስሌቱ ትክክል፣ የተመረጠው ሥርጭት ስሕተት

ባይኖሚያል (ከተወሰኑ ሙከራዎች ስንቱ እንደሚሳካ የሚያሰላው ሥርጭት) የሚሠራው የእያንዳንዱ ሙከራ ዕድል ሳይለወጥ ሲቆይ ነው። 20 አምፖሎች ካሉበት ካርቶን፣ 4ቱ የተቃጠሉ ሆነው፣ 5 አምፖሎች መልሳችሁ ሳትከቱ ካወጣችሁ ዕድሉ በየደረጃው ይለወጣል። አንድም የተቃጠለ ያለማግኘት ዕድል በባይኖሚያል 0.3277 ይወጣል፤ ትክክለኛው ግን 0.2817 ነው። ካርቶኑ ውስጥ 20,000 አምፖሎች ቢኖሩ ልዩነቱን አታዩትም ነበር።

ፖይሰን (በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ክስተት እንደሚኖር የሚያሰላው ሥርጭት) ላይ የምታጠፉት ጊዜውን ባለማስተካከል ነው። በሰዓት 6 ደንበኞች የሚመጡበት ቦታ ላይ ስለ 10 ደቂቃ ከተጠየቃችሁ አማካዩ 6 ሳይሆን 1 ነው። ፖይሰን ለዳታችሁ ይስማማ እንደሆነ ደግሞ አማካዩንና ቫሪያንሱን (የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ስኩዌር) አነጻጽሩ፤ መቀራረብ አለባቸው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ቦርትኪዬቪች በ1898 ባሳተመው ሥራ በፕሩሲያ ጦር ፈረስ ረግጦ የገደላቸውን ወታደሮች ቆጥሮ ነበር፤ ለ10 የጦር ኮሮች የ20 ዓመት መዝገብ፣ በድምሩ 122 ሟቾች። ለአንድ ኮር በአንድ ዓመት አማካዩም ቫሪያንሱም 0.61 ገደማ ናቸው። የእናንተ ቫሪያንስ የአማካዩን አራት እጥፍ ከሆነ ፖይሰንን ተዉት።

ምልክት፦ ስለ አማካይ ተጠይቃችሁ የመለሳችሁት ዕድል ከሚገባው እጅግ ይበልጣል

ዋናው በሽታ ይህ ነው። ቀይ እስክሪብቶዬ በብዛት የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

የአንድ ወፍጮ ቤት የዱቄት ከረጢቶች አማካይ ክብደት 50 ኪሎ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 2 ኪሎ፣ ሥርጭታቸው ኖርማል ነው እንበል። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ሀ) አንድ ከረጢት ከ51 ኪሎ በላይ የመመዘን ዕድሉ ስንት ነው? ለ) የ16 ከረጢቶች አማካይ ከ51 ኪሎ የመብለጥ ዕድሉስ? ሐ) 16ቱ ባንድነት ሲመዘኑ ከ816 ኪሎ የመብለጥ ዕድላቸውስ?

አንድ ትጉህ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ለሦስቱም የመለሰው 0.3085 ነው። “መምህር፣ ‘ለ’ እና ‘ሐ’ አንድ ጥያቄ መሆናቸውን ገብቶኛል፤ 816 ለ16 ሲካፈል 51 ነው። በሁለት መንገድ ሠርቼ አንድ ዓይነት መልስ አገኘሁ። ታዲያ እንዴት ዜሮ ይሰጠኛል?” አለኝ።

ወረቀቱን ዘርግተን መስመር በመስመር አየነው። ‘ለ’ ላይ 2 ኪሎን እንዳለ ወስዶ 1 ÷ 2 = 0.5 ብሏል። ‘ሐ’ ላይ 2 × 16 = 32 ብሎ 16 ÷ 32 = 0.5 አግኝቷል። ዜድ 0.5 ከሆነ በስተቀኝ የሚቀረው 0.3085 ነው። ሁለቱም መንገዶች ስሕተት ናቸው፤ ግን ያው አንዱ ስሕተት ሁለት ልብስ ለብሶ ስለመጣ እርስ በርስ ተመሰካከሩለት። ልጁ ማረጋገጡ ደግ ነበር፤ የተረጋገጠው ግን በአንድ የተሳሳተ እምነት ላይ ነው።

እምነቱ ይህ ነው፦ አሥራ ስድስት ከረጢቶች ሲደመሩ መዋዠቃቸውም አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። እንዲህ የሚሆነው ሁሉም ከረጢቶች ባንድ ጊዜ ከበዱ ወይም ባንድ ጊዜ ቀለሉ ከተባለ ብቻ ነው። በተጨባጭ ግን አንዱ ሲከብድ ሌላው ይቀላል፤ ይጣፋሉ። የሚደመረው ቫሪያንስ ነው እንጂ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አይደለም። የአንዱ ቫሪያንስ 4 ነው፤ የ16ቱ ድምር ቫሪያንስ 64፤ ስኩዌር ሩቱ 8። ስለዚህ ‘ሐ’ 16 ÷ 8 = 2 ነው። አማካዩን ለማግኘት ድምሩን ለ16 ስናካፍል 8 ኪሎውም ለ16 ይካፈላል፤ 0.5 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ‘ለ’ 1 ÷ 0.5 = 2 ነው። የሁለቱም መልስ 0.0228 ነው። “ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት አካፍሉ” የሚለው ቀመር የመጣው ከዚህ ነው፤ መንገዱን ካወቃችሁት መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

ለማያምን ተማሪ የሉዶ ዳይስ እሰጠዋለሁ። አንድ ዳይስ ጥሎ 5 ወይም 6 ማግኘት ቀላል ነው፤ ከ6 ሁለት ዕድል አለው። አራት ዳይሶች ጥሎ አማካዩን 5 ወይም ከዚያ በላይ ማድረግ ግን ከ1,296 ውጤቶች በ70ው ብቻ ይሆናል፤ 5.4 በመቶ። ሃያ ጊዜ ያህል ከጣለ በኋላ ክርክሩ ያበቃል።

መፍትሔው፦ ቀመር ከመጻፋችሁ በፊት ኅዳግ ላይ “አንድ፣ አማካይ ወይስ ድምር?” ብላችሁ ጻፉና አንዱን ክበቡ። በምሳሌያችን ለአንድ 2፣ ለአማካይ 0.5፣ ለድምር 8 ትጠቀማላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዴ ከተቆጣሁ በኋላ ሁሉንም ነገር በስኩዌር ሩት የሚያካፍል ተማሪ ይመጣል። ጥያቄ ‘ሀ’ አይካፈልም። ስለ አንድ ከረጢት ነው የተጠየቃችሁት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሚዛኑ ራሱ ከተዛባ ሁሉም ከረጢቶች ባንድ አቅጣጫ ይሳሳታሉ። ይህን ስኩዌር ሩት አያጠፋላችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ “30 ከሞላ ዳታው ኖርማል ይሆናል” የሚል ማስታወሻ ካላችሁ ሰርዙት። የሰዎችን ገቢ ብትመዘግቡ 30,000 ሰው ቢሞላም ሥርጭቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሆኖ ይቀራል። ወደ ኖርማል የሚጠጋው የናሙናው አማካይ ሥርጭት ነው። 30 የምትለዋም ቁጥር የልምድ መነሻ ናት፤ በጣም ላዘነበለ ዳታ አትበቃም።

ይህ በሽታ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ ድረስ ይከተላል። አንዲት ተማሪ የ400 እናቶችን ዕድሜ ሰብስባ አማካዩ 26፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 6 ሆኖላታል። 6 ለ20 አካፍላ 0.3 አገኘች፤ በ1.96 አባዝታ 0.6 ገደማ አገኘች፤ እስከዚህ ድረስ እንከን የለበትም። ከዚያ “95 በመቶ የሚሆኑት እናቶች ዕድሜያቸው ከ25.4 እስከ 26.6 ነው” ብላ ጻፈች። ቅጾቹን አምጪና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አልኳት። “19፣ 31፣ 22፣ 34፣ 28፣ 20…” ሰባተኛው ቅጽ ላይ ስትደርስ 26 አገኘች፤ ዝም አለች። በክልሏ ውስጥ የገባችው የመጀመሪያዋ እናት ያቺ ነበረች። 25.4 እና 26.6 የሚናገሩት አማካዩን በምን ያህል ትክክለኛነት እንዳወቅነው ነው። ስለ እናቶቹ መጻፍ ከፈለገች 6ን ነበር መያዝ ያለባት፤ ያኔ ክልሉ ከ14 እስከ 38 ገደማ ይሆናል። አማካሪዋ ረቂቁን ሁለት ጊዜ ፈርመውበት ነበር፤ ይህ እስከ አሁን ይቆጨኛል።

ምልክት፦ ናሙናው ትልቅ፣ ድምዳሜው ግን ከእውነታው የራቀ

ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1936 ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የድምፅ ካርድ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት። በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫ ዕጩው ላንደን ተፎካካሪውን ሩዝቬልትን በ57 በመቶ ድምፅ ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። የአድራሻዎቹ ምንጭ የስልክ ማውጫና የመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ አስቡት። ከተላከላቸውም ብዙዎቹ አልመለሱም። የናሙና ብዛት የሚቀንሰው በዕጣ የሚመጣውን ስሕተት ብቻ ነው፤ የተዛባ ምርጫን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም። የቴሌግራም ቡድናችሁን ጠይቃችሁ “የኢትዮጵያ ወጣቶች” ብላችሁ አትጻፉ። መጀመሪያ የስም ዝርዝር ፈልጉ፣ ከዝርዝሩ በዕጣ ምረጡ፣ ያልመለሱትን ሄዳችሁ ፈልጉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የሁለት ክስተቶች ዕድል ተደምሮ ከ1 በለጠ፦ የጋራውን ክፍል አልቀነሳችሁም።

“አብረው ስለማይከሰቱ ነጻ ናቸው” ብላችኋል፦ ተቃራኒው ነው፤ አንዱ ከተከሰተ ሌላው አይከሰትም፣ ስለዚህ ጥብቅ ትስስር አላቸው።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽናችሁ ከመልሱ በጥቂቱ አነሰ፦ ካልኩሌተሩ ለናሙናው ብዛት አካፍሏል፤ አንድ ተቀንሶ የሚካፈልበትን ቁልፍ ተጫኑ።

ባይኖሚያልን በኖርማል ስትተኩ መልሱ በጥቂቱ ሳተ፦ ከሙሉ ቁጥር ወደ ኩርባ ስትሻገሩ የምትጨመረውን ወይም የምትቀነሰውን የ0.5 ማስተካከያ ረስታችኋል።

የዴንሲቲ ኩርባው ከፍታ ከ1 በለጠ፦ ስሕተት አይደለም። ከ0 እስከ 0.5 ወጥ የሆነ ሥርጭት ከፍታው 2 ነው፤ ከኩርባው ሥር ያለው ስፋት ያው 1 ነው። አትነካኩት።