በኤግዙማ ደሴቶች በሞተር ጀልባ ዓሣ ማጥመድ

በባሃማስ የኤግዙማ ደሴቶች ምዕራባዊ ጎን ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ነው፤ ምሥራቁ ግን ድንገት ገደል ይሆናል። ትልልቆቹ ዓሦች ያሉት በገደሉ አፋፍ ነው። በደሴቶቹ መካከል ስትወጡ ጊዜ ምረጡ፦ ውኃው ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነፋስ ከምሥራቅ ከገፋው ማዕበሉ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ፍሰቱ እስኪረጋ ጠብቁ።

ማጥመጃውን ከ6 እስከ 8 ኖት (በሰዓት ከ11 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ) ፍጥነት እየነዳችሁ ጎትቱ። ዋሁ የተባለው ትልቅ ዓሣ ጥርሱ ምላጭ ነው፣ የናይለን ክር ይቆርጣል፤ ከመንጠቆው በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ሽቦ እሰሩ። ዓሣው ሲይዝ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ክሩ ከላላ መንጠቆው ይወልቃል።

ወደ ምዕራብ ስትመለሱ ፀሐይ ከጀርባችሁ የምትሆነው ከቀትር በፊት ነው። ከሰዓት በኋላ ነጸብራቁ ከውኃው ሥር ያለውን ቡናማ ኮራል፣ ጀልባ የሚጋጭበትን ዐለት መሳይ ነገር፣ ይደብቃል።

እ.ኤ.አ. በ1958 በተቋቋመው የኤግዙማ ፓርክ ውስጥ ማጥመድ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ወሰኑን ካርታችሁ ላይ አስቀድማችሁ አስምሩ።