ባልጩቱን ከኪስህ አውጣ

ዓለም ገና ታሪክ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪ ይዤ ሙዚየም እሄዳለሁ፤ ፈቃደኛ ወላጅ ከተገኘም አብሮን ይሳፈራል። የምንሄድበት ቦታ ይለያያል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። ዘንድሮ ትዕግሥቴ ስላለቀ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሙዚየም ሲባል ሁሉም ፊቱን ወደ መሀል ከተማ ያዞራል። እኛ የዳር ሰዎች ደግሞ እንብሳለን። በቡታጅራ መንገድ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ አዋሽ ዳር፣ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያና አጥንት የሚገኝበት መልካ ቁንጡሬ አለ። በ2016 ዓ.ም. አጠገቡ ካለው ባልጩት ከሚባል ቦታ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለሠርግም ለለቅሶም ቡታጅራ ሃያ ጊዜ ተመላልሶ ታፔላውን ብቻ እያየ ያለፈ ጎረቤት አለኝ። በዚያው መንገድ ገፋ ሲሉ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ እነሱንም አላያቸውም።

አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ስንገባ ሁሉም ወደ ድንቅነሽ ይሮጣል። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ያለው ቅጂ መሆኑ ሲነገር አንዱ ቱግ ይላል። አንድ አባት «እና ፎቶ ኮፒ ለማየት ነው ከፍዬ የገባሁት?» ብለው አስቀውናል። ዋናው አጥንት ተቆልፎ ይቀመጣል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየ ነገር በየቀኑ ለመብራት አይሰጥም። ይልቅ ከመናደድ የዳሌዋን አጥንት ፈልጋችሁ እዩ። ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው፤ ቀና ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ከሚመሰክሩት አንዱ ይሄ አጥንት ነው። ቅጂውም ቢሆን ይሄን ያሳያል።

ስድስት ኪሎ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በነበረው ሙዚየም ደግሞ ሰው የንጉሡን መኝታ ቤት ለማየት ሲጣደፍ ውጭ ያለውን ደረጃ ያልፈዋል። የትም የማያደርስ ደረጃ ነው። የሠሩት ጣልያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዓመት ይቆጥራል። ጠላት ሲወጣ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔን ከአልጋው ይልቅ ይሄ ይጥመኛል።

ቀጣዩ ስህተት የራሴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 40 ጥያቄ አባዝቼ አደልኩ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው የግድግዳ ጽሑፍ ሲገለብጡ ዋሉ። ስንመለስ «ምን አያችሁ?» ብላቸው አንዷ ወረቀቷን አውጥታ መፈለግ ጀመረች። አሁን የማዛቸው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ዕቃ ምረጡ፣ አሥር ደቂቃ ፊቱ ቁሙና ሣሉት። ሥዕል የማይችለው ሁሉ ያማርረኛል። ያማርር።

ፍላሽ አጥፉ። መልካ ቁንጡሬ በሂል ጫማ አይኬድም፤ ክረምት ከሆነማ ጭቃው ጫማውን ያስቀረዋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ድንጋይ ማንሳት።

«ቲቸር፣ መሬቱ ሙሉ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። ሙሉ ነው። ባልጩት የሚባለው ቦታማ እግር ያረፈበት ሁሉ ስንጣሪ ነው። የጥንት ሰዎች መስታወት የመሰለውን ጥቁር ድንጋይ የሚያመጡት ከዚያ ነበር። ግን ድንጋይ ብቻውን ወሬ የለውም። የሚናገረው ከተኛበት አፈር፣ ከጎኑ ካለው አጥንት፣ ከላዩና ከሥሩ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ሲሆን ነው። ዕድሜው የሚሰላው በአመዱ ነው። አንሥተህ ኪስህ ከከተትከው በኋላ ዕድሜውን የሚነግርህ የለም። እዚያው መልካ ቁንጡሬ፣ ጎምቦሬ የሚባለው ቦታ ላይ የተቆፈረው ወለል ጣራ ተሠርቶለት እንዳለ የተተወውም ለዚሁ ነው፤ አጥንቱም መሣሪያውም በተገኙበት ናቸው። እዚያው ጎምቦሬ 700 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው የልጆች ዱካዎች ተገኝተዋል። እስቲ አስቡት፣ አንዱ «ለማስታወሻ» ብሎ ያንን አፈር ቢጭረው!

ካቻምና ስንመለስ፣ ዓለም ገና ልንደርስ ስንል፣ ከኋላ ወንበር ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቦርሳ አስከፈትኩ። አሥራ አንድ ድንጋይ! አንዱ ልጅ በካልሲ ጠቅልሎታል። ሾፌሩን «አዙረው» አልኩት። «ነዳጁን ማን ሊችል ነው?» አለኝ። እኔ ቻልኩ። እስክንደርስ ድረስ ስጮህባቸው ነበር፤ ድምፄ እስኪዘጋ።

ማታ ቤት ገብቼ ግን ዓይኔ ጓዳው በር ላይ አረፈ። ተማሪ ሳለሁ እኔም አንድ ወስጃለሁ። መዳፍ የሚሞላ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሆነ። እናቴ ይሄን ሁሉ ዓመት በሩን ስታስደግፍበት ኖራለች። በሳምንቱ ብቻዬን ይዤው ሄድኩ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። ተቀብለው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉትና፣ «የት ጋ ነው ያነሳኸው ልጄ?» አሉኝ።

ከወንዙ ወዲህ ይሁን ወዲያ ማዶ፣ ጠፍቶኛል።