ቃሉ ሁለት ጊዜ ይሰማ የነበረበት ምክንያትና መፍትሔው

በአንድ ጥንታዊ ክብ ቤተ ክርስቲያን አዲስ የድምፅ ማጉያ ካስገባን በኋላ፣ በቅጥሩ ዳር የሚቆመው ምእመን እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማ ነበር፤ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲባል መጨረሻው ተደራርቦ ይጠፋል። ድምፁን መቀነስ፣ ኢኳላይዘሩን (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ማስተካከያውን) መነካካትና ማጉያዎቹን ማዞር ሦስት ቀን ፈጅቶ ምንም አልለወጠም። ሥዕል ያለበትን ግድግዳ መብሳት ከመጀመሪያውም አልታሰበም፤ ሁሉም ማጉያዎች በማቆሚያ ላይ ናቸው።

መፍትሔው የተገኘው ርቀቱን በሜትር ስንለካ ነው። ከበሩ ማጉያዎች እስከ ቅጥሩ ማጉያዎች 24 ሜትር ሆነ፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ይህን ለማለፍ 70 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ በሽቦ ወደ ቅጥሩ ማጉያዎች የሄደው ግን ወዲያው ይደርሳል፤ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይሰማ የነበረው ለዚህ ነው። ስለዚህ በዲጂታል ሚክሰሩ (የድምፅ መቆጣጠሪያው) ላይ የቅጥሩን ማጉያዎች ዲሌይ (ድምፁ የሚዘገይበትን ጊዜ) 80 ሚሊሰከንድ አደረግነው፤ አሥሩ የተጨመረው የበሩ ማጉያዎች ድምፅ ቀድሞ እንዲደርስና ድምፁ ከካህኑ አቅጣጫ የሚመጣ እንዲመስል ነው።