ትንሽ ውሻ ብርድ ላይ ልብስ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ዊንተር በገባ ቁጥር ትንሽ ውሻ ያለው የሐበሻ ቤት ሁሉ አንድ ክርክር አለበት፣ ልጆቹ ሹራብ እንግዛለት ይላሉ ትልልቆቹ ደግሞ "ውሻ እኮ ነው፣ እግዜር ፀጉር አልብሶታል" ይላሉ። ትልልቆቹ የሚያውቁት የግቢ ውሻ ነው፣ አገር ቤት በር ስር ተጠቅልሎ የሚያድረው ውሻ ፀጉሩም ወፍራም ነው ሰውነቱም ብርዱን ለምዶታል። ግን 3 ኪሎ የማትሞላ ቺዋዋ ሚኒሶታ ላይ ጃንዋሪ ውስጥ ለሽንት ስትወጣ ነገሩ ሌላ ነው። እኔ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው፣ ቡቺ የምትባል ድቅል ቺዋዋ አለችን፣ ከሷም ከሰፈር ውሾችም ከእንስሳት ሃኪምም (ቬት) ያየሁትንና የሰማሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ዋናው ነገር፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን ዲግሪ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፣ ውሻውን እዩት። በአንድ ቀን እዛው ሰፈር ውስጥ ፖሜራኒያኑ በረዶ ላይ እየተንከባለለ ሲጫወት ኢታሊያን ግሬይሃውንዱ ጅራቱን እግሩ መሃል ከቶ ይንቀጠቀጣል። ፖሜራኒያንና ሺ ዙ ከረጅሙ ፀጉር ስር ሌላ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር አላቸው፣ ሙቀት የሚይዘው እሱ ነው። ማልቲዝና ዮርኪ ደግሞ ፀጉራቸው ረጅም ስለሆነ የሚሞቃቸው ይመስላል እንጂ ያ የስሩ ፀጉር የላቸውም፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በዛ ላይ ሰውነቱ ትንሽ የሆነ ውሻ ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ለብርድ የተጋለጠው ቆዳው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ሙቀቱ ቶሎ ያልቅበታል። ቡችላ ከሆነ፣ ካረጀ፣ ከከሳ ወይም እንደ ኩሺንግና ታይሮይድ ያለ የሆርሞን በሽታ ካለበት ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይበርደዋል።

ለመነሻ ያህል ቁጥር ከፈለጋችሁ ከ45 ዲግሪ ፋራናይት (7 ሴልሺየስ) በታች ሲወርድ ፀጉሩ ስስ የሆነ ትንሽ ውሻ ሊበርደው ይችላል ብላችሁ ተከታተሉት፣ 32 (0 ሴልሺየስ) ከደረሰ አልብሱት፣ ከ20 (ከዜሮ በታች 7 ገደማ) ከወረደ ግን ልብስም ለብሶ ሽንቱን ሸንቶ መመለስ ነው፣ ዎክ የሚባል ነገር የለም። ንፋስ ወይም እርጥበት ካለ ከነዚህ ቁጥሮች ቀድማችሁ አልብሱት።

ውጭ እንደወጣ ይንቀጠቀጣል

ብዙ ጊዜ ብርድ ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ማጣሪያው ቀላል ነው፣ ወደ ቤት አስገቡት፣ ደረቅ ፎጣ ውስጥ ጠቅልሉትና ጠብቁ። ሙቀት ውስጥ ገብቶ ትንሽ ሲቆይ መንቀጥቀጡ ከተወው ብርድ ነበር፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ሹራብ ወይም ጃኬት ያስፈልገዋል፣ የሚወጣበት ሰዓትም ይጠር። ቤት ውስጥ ሞቆትም መንቀጥቀጡን ካልተወ ግን ልብስ አትደራርቡበት፣ ምክንያቱ ሌላ ነው። ህመም ሊሆን ይችላል (የጀርባ፣ የሆድ)፣ ፍርሃት ሊሆን ይችላል፣ ማቅለሽለሽ ሊሆን ይችላል፣ የማይገባውን ነገር በልቶም ሊሆን ይችላል፣ ቸኮሌት ወይም ዛይሊቶል (በስኳር ፋንታ የሚገባ ማጣፈጫ) ያለበት ማስቲካ ለምሳሌ። በጣም ትንሽ ቡችላ ሳይበላ ከቆየ ስኳሩ ወርዶም ይንቀጠቀጣል፣ ይንገዳገዳል። እነዚህ ላይ ሹራብ እየለወጡ ጊዜ ማባከን ጉዳት አለው፣ ቬት ጋ ደውሉ።

በሩ ጋ ቆሞ አልወጣም ይላል፣ ወይም ወጥቶ ሳይሸና ተመልሶ በሩን ይቧጥጣል

ይሄን ሰው እልኸኝነት ወይም ጥጋብ ያደርገዋል፣ ከዛ ምንጣፉ ላይ ሲሸና ይቆጡታል። እኔ ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ውሻው ያለችውን ቋንቋ ተጠቅሞ በርዶኛል ነው የሚለው። ቡቺን ያየሁት እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች፣ ከዛ ጀርባዋን ጎበጥ ታደርጋለች፣ ከዛ የፊት አንድ እግሯን አንስታ በአየር ላይ ይዛ ዞራ ታየኛለች። መንቀጥቀጥ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ስለዚህ መንቀጥቀጡን ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል። መፍትሄው ልብሱን በሩ ከመከፈቱ በፊት ማልበስና ሽንት የሚሸናበትን ቦታ በረዶውን ጠርጎ መሬቱን ማሳየት ነው። በተለይ ዳክስሁንድና እግረ አጭር የሆኑት ሆዳቸው በረዶው ላይ እየተጎተተ ነው የሚሄዱት፣ ቢጠረግላቸው ራሱ ግማሹ ችግር ይቀላል። ለነሱ ጀርባ ብቻ የሚሸፍን ልብስ ምንም አይሰራም፣ ደረትና ሆድ የሚሸፍን መሆን አለበት፣ ወንድ ከሆነ ደግሞ ሽንቱ እንዳይነካው የሆዱ ጨርቅ ወደ ኋላ ያጠረ ይሁን።

እግሩን እያፈራረቀ ያነሳል፣ ያነክሳል፣ መሃል መንገድ ላይ ቁጭ ይላል

እዚህ ላይ ሹራብ ምንም አይረዳም፣ ችግሩ መዳፉ ነው። የእግረኛ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቆዳውን ያቃጥላል፣ ጣቶቹ መሃል ያለው ፀጉር ላይ ደግሞ በረዶ ተጠቅልሎ ጠጠር ይሆንና ይወጋዋል። ጣቶቹን ከፈት አድርጋችሁ እዩ፣ በረዶ ካለ በእጃችሁ ሙቀት አቅልጡት እንጂ አትንቀሉት ያመዋል። በጣቶቹ መሃል ያለውን ፀጉር አሳጥሩ፣ ከመውጣቱ በፊት ለውሻ መዳፍ የሚሸጠውን ሰም ቀቡት ወይም የውሻ ጫማ (ቦት) አልምዱት፣ ሲመለስ አራቱንም እግርና ሆዱን ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። እጠቡት የምለው ለቆዳው ብቻ አይደለም፣ ውሻ መዳፉን ይልሳል፣ ፓርኪንግ ላይ የፈሰሰ አንቲፍሪዝ (የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ) ረግጦ ከሆነ ያንን ይልሳል ማለት ነው፣ ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት አንቲፍሪዝ ጣፋጭ ነው፣ ጥቂቱ ራሱ ኩላሊቱን ጨርሶ ይገድለዋል። ልሷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሃኪም ጋ።

ልብስ ለብሶም ይበርደዋል

እጃችሁን በልብሱ ስር ወደ ደረቱና ወደ ብብቱ አስገቡና ዳስሱ። እርጥብ ከሆነ መልሱን አገኛችሁት፣ እርጥብ ልብስ ያለ ልብስ ከመሆን ይብሳል፣ ሙቀቱን እየመጠጠ ነው። ጥጥ የሆነ ኮፍያ ያለው ሹራብ ያምራል ግን በረዶ ሲነካው ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ለደረቅ ብርድ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ለእርጥብ በረዶና ዝናብ ደግሞ ከላይ ውሃ የማያስገባ ያለው ውሰዱ። ሲመለስ ወዲያው ይውለቅ። ሁለት ሹራብ ካላችሁ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይለበሳል፣ አንድ ውድ ጃኬት ከመግዛት ይሄ ይሻላል።

ደረቅ ሆኖ ከበረደው ልኩን እዩ፣ ከሰፋ ንፋስ ይገባዋል። ስሞል ሚዲየም የሚለውን አትመኑ አምራቹ በተለየ ቁጥር ይለያያል፣ በልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱን፣ ከፊት እግሩ ኋላ ያለውን የደረቱን ሰፊ ቦታ፣ ከአንገቱ ስር እስከ ጅራቱ መነሻ ያለውን ጀርባውን ለኩ። ከለበሰ በኋላ ሁለት ጣት የሚያስገባ ከሆነ ልክ ነው። በጣም ትንሽ ለሆነ ውሻ ደግሞ የአሮጌ ሱፍ ሹራብ እጅጌ ቆርጦ ሁለት የእግር ቀዳዳ ማውጣት በደንብ ይሰራል፣ ገንዘብ ማውጣት ግዴታ አይደለም።

ሌላ የሚረሳ ነገር፣ የተቋጠረ ፀጉር ሙቀት አይዝም፣ ዊንተር ላይ በጣም አሳጥሮ ማስላጨትም ለብርድ ማጋለጥ ነው፣ ታጥቦ ሳይደርቅ ማስወጣትም እንደዛው።

ሲለብስ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ወይም ብብቱ ስር ይቀላል

የሚደርቀው ስላልለመደው ነው። ልብሱን መጀመሪያ መኝታው ላይ አስቀምጡለት ያሽትተው፣ ከዛ ጀርባው ላይ ጣል አድርጋችሁ የሚወደውን ነገር (ትሪት) ስጡት፣ ከዛ ለትንሽ ጊዜ ቤት ውስጥ አልብሱት፣ ይሄን ኦክቶበር ላይ ነው መጀመር እንጂ አውሎ ነፋሱ የመጣ ቀን አይደለም። መቅላቱ ግን የልክና የጊዜ ችግር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለብሶ ሲውል ብብቱ ይፋጫል፣ ፀጉሩ ይቋጠራል፣ ቆዳው አይተነፍስም። ቤት ውስጥ ሂተር ባለበት ልብስ አያስፈልገውም፣ ካለከለከ ወይም ቀዝቃዛ ወለል ፈልጎ ከተዘረጋ ሞቆታል ማለት ነው አውልቁለት።

መንቀጥቀጡን አቁሞ ዝም አለ፣ ዝሏል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል

ይሄን በደንብ አንብቡት። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ውሻ ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመና ከፈዘዘ ተሻለው ማለት አይደለም፣ ሰውነቱ ራሱን ማሞቅ እያቃተው ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ101 እስከ 102.5 ፋራናይት (ከ38.3 እስከ 39.2 ሴልሺየስ) ነው፣ በፊንጢጣ ለክታችሁ ከ99 (37.2) በታች ከሆነ ድንገተኛ ነው። እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ አድርቁት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ሙቅ ውሃ ያለበት ጠርሙስ በፎጣ ሸፍናችሁ ደረቱና ሆዱ አጠገብ አድርጉ፣ ያልተሸፈነ ጠርሙስ ቆዳውን አታስነኩ ያቃጥለዋል። እያሞቃችሁት ወደ ሃኪም ሂዱ። የጆሮው ጫፍ፣ የጅራቱ ጫፍ ወይም መዳፉ ገርጥቶ ወይም ግራጫ ሆኖ ከቀዘቀዘ ብርዱ ስጋውን መትቶታል፣ እዛ ቦታ ላይ ማሸት የለም፣ የፀጉር ማድረቂያም የለም።

አገር ቤት ላላችሁ

አዲስ አበባ በረዶ መንገድ ላይ ባይቆለልም ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ውርጭ አለ። ቀን ፀሐይ ስላለ ለፑድላችሁ ልብስ አያስፈልገውም፣ ችግሩ ሌሊት ውጭ የሚያድር ከሆነ ነው፣ እዛ ላይ ግን እኔ ልብስ አልመክርም፣ ብቻውን ባለበት አጥር ላይ ወይም ሽቦ ላይ ሊጠመድ ይችላል፣ የክረምት ዝናብ ካገኘው ደግሞ እርጥብ ለብሶ ያድራል። መኝታውን ነው ማስተካከል። ከሲሚንቶው ከፍ አድርጋችሁ ጣውላ አንጥፉ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ደረቅ ጭድ ሞልታችሁ ላዩ ላይ አሮጌ ጋቢ አድርጉ፣ በሩ ወደ ንፋሱ አይዙር፣ ጭዱ ሲረጥብ ይቀየር። ቡችላ ወይም ያረጀ ከሆነ ግን ሌሊት ቤት ይግባ፣ እሱን ለማሞቅ ብላችሁ ደግሞ ከሰል አቀጣጥላችሁ ዝግ ክፍል ውስጥ አትተዉ፣ ጭሱ ባይታይም እሱንም እናንተንም ይገድላል።